የባዮፕሲው ወረቀት «ኸር2፦ 2+» ይላል። ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?

ቸርችል_ጎዳና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ዋላችሁ።

የአክስቴን ሁለተኛ የባዮፕሲ ውጤት ዛሬ ተቀበልኩ። 58 ዓመቷ ነው፣ የወር አበባ ካቋረጠች ቆይታለች። ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር መሆኑን ቀድመን ሰምተናል፤ እሱን አልቅሰን ጨርሰናል። የአሁኑ ወረቀት ግን ይሄን ይላል፦

ኢአር፦ ፖዘቲቭ፣ 90 በመቶ
ፒአር፦ ፖዘቲቭ፣ 40 በመቶ
ኸር2፦ 2+፣ አሻሚ

ሐኪሙ አየት አደረገና «የሆርሞን ሪሴፕተሩ ጥሩ ነው። ኸር2 ግን በፊሽ መረጋገጥ አለበት። አሠርታችሁ ኑ» ብሎ ሸኘን። ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶት ስለነበር ብዙ ልጠይቀው አፈርኩ። ከዚያ ፖስታ ቤት ጋ አንድ ካፌ ገብቼ ስልኬን ስጎረጉር ዋልኩ። ያገኘሁት ሁሉ የፈረንጅ አፍ፣ ያውም የሐኪም ፈረንጅ አፍ።

ሪሴፕተር ካንሰር ውስጥ ምን ይሠራል? ካንሰር ላይ «ጥሩ» የሚባል ነገርስ አለ እንዴ? ደግሞ ፊሹ ውጭ ተልኮ ነው የሚሠራው አሉን፣ ዋጋውም ሆድ ያስብሳል። ሳናሠራው መድኃኒት ቢጀመርላትስ?

ከማይክሮስኮፑ_ሥር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:51

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ሜክሲኮ አካባቢ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። በምችለው ልርዳሽ።

ሪሴፕተር ሴል ከውጭ የሚመጣለትን መልእክት የሚቀበልበት ፕሮቲን ነው። ሆርሞን ወይም ሌላ የእድገት ፕሮቲን መጥቶ ሲጣበቅበት ሴሉ «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ጤነኛ የጡት ሴልም ሪሴፕተር አለው። ብዙ የጡት ካንሰሮች ግን የሚባዙት በዚሁ መስመር ተደግፈው ነው። መስመሩን ከቆረጥሽው ይዳከማሉ። ሐኪሙ «ጥሩ» ያለው ካንሰሩን አይደለም፤ የምንመታው ቦታ አግኝተናል ማለቱ ነው። ኢአር የኤስትሮጅን፣ ፒአር የፕሮጀስትሮን ሪሴፕተር ነው። ኸር2 ሌላ ዘር ነው።

እኛ ጋ እንዴት እንደሚታይ ልንገርሽ። ከናሙናው እጅግ ስስ ቁራጭ ወስደን ስላይድ ላይ እናሳርፋለን። ያንን አንድ ሪሴፕተር ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ እንጨምርበታለን። ከያዘ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ኢአርና ፒአር ቀለም የሚይዙት የሴሉ መሃል ላይ ነው፣ ኒውክለሱ ውስጥ ስለሚኖሩ። ኸር2 ደግሞ የሚኖረው የሴሉ ሽፋን ላይ ስለሆነ ቀለሙ ዳር ዳሩን ዞሮ ይታያል። ከ10 በመቶ በሚበልጡ የካንሰር ሴሎች ላይ ዙሪያውን ሙሉ እና ደማቅ ከሆነ 3+ ነው፣ ፖዘቲቭ። 0 እና 1+ ኔጋቲቭ ናቸው። 2+ ዙሪያውን ይሞላና ቀለሙ ይደክማል። እዚህ ላይ ዓይን አይታመንም። አንዱን ስላይድ ሁለት ሰው አይቶት የሚከራከርበት ቀን አለ።

ፊሽ ክርክሩን ይቆርጠዋል። ፕሮቲኑን ትቶ ጂኑን ይቆጥራል። የኸር2 ጂን ክሮሞሶም 17 ላይ ነው ያለው። ተባዝቶ ከሆነ በጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ነጠብጣቦች በርከት ብለው ይታያሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ናሙናው ሲወሰድ በምን ተቀመጠ? ማን አደረሰው?

ቸርችል_ጎዳና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

የወሰደው ክሊኒክ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ለእኛው ሰጠን። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ውስጥ ነበር። ሐሙስ ማታ ተወሰደ፣ በፌስታል ይዤ ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ አደረስኩ። ችግር አለው እንዴ? አታስደንግጠኝ።

ከማይክሮስኮፑ_ሥር · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:22

አትደንግጪ። የሰነፈጠሽ ፎርማሊን ነው፣ መሆን ያለበትም እሱ ነው። ደንቡ ናሙናው በተወሰደ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ይላል። የእናንተ ትንሽ አልፏል። ግን ኢአር 90 በመቶ ወጥቷል፤ ያ ሪሴፕተሩ እንዳልጠፋ ያሳያል። ለሐኪሙ ግን ሰዓቱን ንገሪው፣ መዝገብ ላይ ይግባ።

ይሄን ሌሎችም አንብቡልኝ። በእኛ ሀገር ናሙና የሚያመላልሰው ቤተሰብ ነው። የሚበላሸውም መንገድ ላይ ነው። በውሃ ወይም በሳላይን፣ አንዳንዴም በጓንት ተጠቅልሎ የሚመጣ አለ። እንዲህ ሲሆን ፕሮቲኑ ይበሰብሳል፣ አንቲቦዲው የሚይዘው ያጣል። ከዚያ ኢአር ፖዘቲቭ የነበረች ሴት «ኔጋቲቭ» የሚል ወረቀት ይሰጣታል። በየቀኑ ልትውጠው የሚገባት ሆርሞኑን የሚከለክል እንክብል በዚሁ ምክንያት ሳይሰጣት ይቀራል። ጥድፊያ ከሌለ ዓርብ ማታ ናሙና አታሰጡ። ብልቃጡ ላይ የተወሰደበት ቀን እና ሰዓት ይጻፍ። ፈሳሹ ናሙናውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው።

ጠርጣሪው_ከፒያሳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ እውነቱን ልናገር? ድሮ ጡቱ ይነሳል፣ ኬሞ ይሰጣል፣ አለቀ። አሁን ኢአር፣ ፒአር፣ ፊሽ፣ ምናምን። ሁሉም ገንዘብ መልቀሚያ ነው። ካንሰር ካንሰር ነው።

አራት_ኪሎ_ባዮኬም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:16

ጠርጣሪው ወንድሜ፣ የዋጋው ነገር አንጀቴን ነው የበላኸው፤ ትክክል ነህ። «ካንሰር ካንሰር ነው» የምትለውን ግን አልቀበልህም።

በፈረንጆቹ 1987 ዴኒስ ስላሞን እና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጡት ካንሰር ናሙናዎችን መርምረው የኸር2 ጂን የተባዛባቸው ሴቶች በሽታቸው ቶሎ እንደሚመለስ፣ ሕይወታቸውም ቶሎ እንደሚያልፍ አሳዩ። ከዚያ ያንኑ ሪሴፕተር የሚይዝ አንቲቦዲ ተሠራ። ስሙ ትራስቱዙማብ ነው፣ ብዙ ሰው ሄርሴፕቲን በሚለው ያውቀዋል። በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ኸር2 የሚበዛባቸው ከጡት ካንሰሮች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ናቸው። ለእነሱ የበሽታውን ታሪክ የለወጠ መድኃኒት ነው። ጂኑ ላልተባዛባት ሴት ብትሰጠው ግን ካንሰሩን ሳይነካ ልቧን ሊያደክምባት ይችላል። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች በየሦስት ወሩ ገደማ የልብ አልትራሳውንድ የሚታዘዝላቸው ለዚህ ነው። ፊሹ ገንዘብ ይበላል፤ ያለ ፊሽ የሚሰጥ ሄርሴፕቲን ደግሞ ገንዘብም ልብም ይበላል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ፣ ታገሱኝ። ሰው ስለ ሪሴፕተር ሲያወራ ሪሴፕተሩን ብቻውን ያየዋል። ሪሴፕተር ብቻውን ምንም አይፈይድም። ወሬው ያለው ከማን ጋር እንደሚጣበቅ ላይ ነው።

ኸር2ን እዩት። ቤተሰቡ አራት ነው፣ ከኸር1 እስከ ኸር4። ኸር1 ኢጂኤፍአር የሚባለው ነው። ለሌሎቹ ሦስቱ ከውጭ መጥቶ የሚጣበቅባቸው ፕሮቲን አላቸው። ለኸር2 እስካሁን የተገኘለት የለም። ማንም ሳይነካው ለመጣመር ተዘጋጅቶ ይቆማል። ኸር3 ደግሞ መልእክት ይቀበላል እንጂ የራሱ ሞተር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ከቤተሰቡ ሁሉ ኃይለኛው ጥንድ ይወጣል። አንዱ መልእክት ያመጣል፣ አንዱ ይሠራል። ሽፋኑ ላይ ያለው የኸር2 ቁጥር ከአሥር ሺዎች ተነስቶ እስከ 2 ሚሊዮን ሲደርስ ደግሞ ጥንድ ለመሆን መልእክት መጠበቅም ይቀራል፤ እርስ በርሱ ይጣመራል። በ2012 የተፈቀደው ፐርቱዙማብ ይሄን መጣመር ነው የሚከለክለው። ሄርሴፕቲን ከሚይዘው ቦታ ሌላ ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ።

ከተጣመሩ በኋላ ከሴሉ ውስጥ በኩል ጭራቸው ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። እዚያ ላይ ግራብ2 የሚባል አገናኝ ፕሮቲን ይጣበቃል። ግራብ2 ሶስን ይጠራል፣ ሶስ ኬራስንና ዘመዶቹን ያበራል፣ እነሱ ቀጣዩን፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ኒውክለስ ይደርሳል። መሃል ላይ ያለ አንዱ ከተበላሸ ላይ ያለውን መዝጋት ዋጋ የለውም። የትልቁ አንጀት ካንሰር ላይ ይሄ በግልጽ ታይቷል። ኬራስ በሚውቴሽን፣ ማለትም በጂን ለውጥ፣ በርቶ ከቀረ፣ ኢጂኤፍአርን የሚዘጋው ሴቱክሲማብ አይሠራም። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ኬራስ ይመረመራል።

ጠርጣሪው_ከፒያሳ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:31

ግራብ፣ ሶስ፣ ኬራስ። የእግር ኳስ ቡድን አሰላለፍ ነው የጻፍክልኝ 😂 የልቡ ነገር ግን ገብቶኛል። ፊሹን አሠሪ እህቴ፣ ቃሌን አንስቻለሁ።

ፋርማሲስቷ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:12

ቸርችል፣ እንደምን አደርሽ። የአክስትሽ ትልቁ መሣሪያ ኢአር ነው፤ ስለ እሱ ማንም ገና በደንብ አልነገረሽም። ባዮኬም ኸር2 ላይ ፍቅር ይዞታል።

ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ኤስትሮጅን ሳይመጣ ሲቀር ኤችኤስፒ90 ከሚባል ፕሮቲንና ከአጋሮቹ ጋር ተጣብቆ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኤስትሮጅን ሲመጣ እነሱ ይለቁታል። ሁለት ሁለት ይሆንና ዲኤንኤ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ሥራ የሚያስጀምሩ ረዳት ፕሮቲኖችን ይጠራል። ሴሉ መባዛት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ይሄን የሚከለክለው ታሞክሲፈን የሚባል እንክብል ታክሲ ውስጥ ወንበር ይዞ እንደማይሄድ ሰው ነው። የኤስትሮጅንን ቦታ ይይዛል፣ ኤስትሮጅን መቀመጫ ያጣል። ሲቀመጥ የሪሴፕተሩን ቅርጽ ስለሚያጣምመው ረዳቶቹ መጣበቅ ያቅታቸዋል። በቦታቸው ሥራ የሚያስቆሙ ፕሮቲኖች ይመጣሉ። ጡት ላይ እንዲህ ነው። ማህፀን ላይ ግን ያው መድኃኒት፣ ያው ሪሴፕተር፣ ተቃራኒ ውጤት። የማህፀን ሴሎች ውስጥ ያሉት ረዳት ፕሮቲኖች ዓይነትና ብዛት ስለሚለይ እዚያ ታሞክሲፈን እንደ ኤስትሮጅን ይሠራል፣ የማህፀኑን ሽፋን ያወፍራል። ስለዚህ ከማረጥ በኋላ ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ጠብታ ደም ካየች «ያልፋል» አትበል፣ ሐኪም ጋ ትሂድ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረም እንዲሁ፤ ደም ሊያረጋ ይችላል።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ያስቃል። እንግሊዝ ሀገር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሲሠራ ለወሊድ መከላከያ ታስቦ ነበር። ሴቶች ላይ ሲሞከር እንቁላል እንዲወጣ አነሳሳ! አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር የተፈቀደው በ1977 ነው። ዛሬም ከርካሾቹ የካንሰር መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ሌላም አለ። ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ሲፕ2ዲ6 በሚባል ኤንዛይም ወደ ኢንዶክሲፈን ሲቀየር ነው ጉልበት የሚያገኘው። በ1996 በወጣ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን የዚህ ኤንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ቅጂ እንዳላቸው ታይቷል። ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ብዙዎቻችን መድኃኒቱን በፍጥነት እንቀይራለን ማለት ነው። ኮዴይንም በዚሁ መንገድ ወደ ሞርፊን ስለሚቀየር ለእኛ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ፍሉኦክሰቲን እና ፓሮክሰቲን ኤንዛይሙን ያፍኑታል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙም ለፋርማሲውም ይናገር፤ በራሱ ግን አያቋርጥ።

ተሳፋሪ_22 · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

ወንበር ይዞ የማይሄደው ሰው ስንት ዓመት ነው የሚቀመጠው?

ፋርማሲስቷ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:44

ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለአንዳንዱ እስከ 10 😄 በቀን አንድ ጊዜ። የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ «ድኛለሁ እኮ» ብለው የሚያቆሙ አሉ። የሚያልብ ሙቀት ይመጣባቸዋል፣ ሌሊት ያነቃቸዋል፣ ይሰለቻቸዋል። ከማቆም በፊት ንገሩን፤ ሙቀቱን የምናበርድበት መንገድ አለ።

የጾም_ገበታ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:03

እናቴም ኢአር ፖዘቲቭ ናቸው። ጾም ሲገባ ተልባና የሶያ ወተት ይወዳሉ። ጎረቤት «ሶያ ውስጥ ሆርሞን አለ፣ ካንሰሩን ይቀሰቅሳል» ብላ አስፈራርታ አስጣለቻቸው። እውነት ነው?

ፋርማሲስቷ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ሶያም ተልባም ኤስትሮጅን ሪሴፕተር ላይ ሊጣበቁ የሚችሉ ነገሮች አሏቸው፤ ጎረቤታችሁ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። አጣበቃቸው ግን ከራሱ ከኤስትሮጅን ጋር ሲወዳደር በጣም ደካማ ነው። የሶያው ደግሞ የሚመርጠው ቤታ የተባለውን ሪሴፕተር ነው፤ ካንሰሩን የሚነዳው አልፋው ነው። ሶያን እንደ ምግብ የበሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን የተከታተሉ ጥናቶች በሽታው በዚህ ምክንያት እንደሚመለስ አላሳዩም። እናትሽ ተልባቸውን በጥብጠው ይጠጡ። እምቢ የምለው በእንክብልና በዱቄት ተጨምቆ የሚሸጠውን ነው።

ልደታ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ይሄ የሴቶች ክር ነው ወይስ ወንድም ይገባል? አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አለባቸው፤ «ሆርሞን መርፌ» ታዞላቸዋል። ተመሳሳይ ነገር ነው?

አራት_ኪሎ_ባዮኬም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ግባ ወንድሜ። ወንድም የጡት ካንሰር ይይዘዋል እኮ፤ ከ100 አንዱ ገደማ ነው፣ አብዛኛውም ኢአር ፖዘቲቭ። የአባትህ ደግሞ የአንድሮጅን ሪሴፕተር ነው፣ የኢአር የቅርብ ዘመድ። ቻርልስ ሀጊንስ ቺካጎ ውስጥ በ1941 የወንድ ሆርሞን ሲቀንስ የተሰራጨ የፕሮስቴት ካንሰር እንደሚያፈገፍግ አሳየ፤ በ1966 ኖቤል ተሸለመ። ኤስትሮጅን ሪሴፕተርን ያገኘው ኤልዉድ ጄንሰንም እሱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የሠራው። መርፌው ሆርሞኑን ከምንጩ ያደርቃል። ካንሰሩ ግን ብልጥ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ሆርሞን የሚጣበቅበት ክፍል የተቆረጠ ሪሴፕተር ሊሠራ ይችላል። የሚጣበቅበት ባይኖርም ራሱን አብርቶ ይቀጥላል። ክትትሉን አታቋርጡ።

ወለተ_ጊዮርጊስ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:05

ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ሳይንስ ከምትደረድሩ ጠበል ውሰጂያት። ስንቱ ድኗል።

ቸርችል_ጎዳና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:10

እሜቴ፣ ጠበሏን አላቋረጠችም፣ ጠዋት ጠዋት ትሄዳለች። ቀጠሮዋንም አላስቀርባትም። ይጸልዩላት።

ቸርችል_ጎዳና · የቀጠለ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:25

የጠፋሁት ፊሹ እስኪመጣ ነው። መጣ! ሬሾው 1.3፣ አማካይ የጂን ቁጥሩ 2.8 ይላል። ሐኪሙ «ጂኑ አልተባዛም፣ ሄርሴፕቲን አያስፈልግም» አለ። ቀዶ ጥገና ይደረግላታል፤ ኬሞ ማስፈለጉ ከዚያ በኋላ ይታያል። የሆርሞኑ እንክብል ግን ሌትሮዞል ነው አለን። እኔ ታሞክሲፈን ስጠብቅ። ለምን ቀየረው?

ከማይክሮስኮፑ_ሥር · ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:50

ተመስገን። ሬሾ የሚባለው የኸር2 ጂን ቁጥር ለክሮሞሶም 17 ቁጥር ሲካፈል ነው። እሱ ከ2 በታች፣ የጂን ቁጥሩም ከ4 በታች ስለሆነ ኸር2 ኔጋቲቭ ነው። «2+» የሚለውን ወረቀት ግን አትጣይው። ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ እንዲህ ዝቅተኛ ኸር2 ላላቸውም፣ በሽታው ከተሰራጨ፣ ኬሞ የተሸከመ አንቲቦዲ ተፈቅዷል። አክስትሽን አሁን አይመለከትም፣ አያስፈልጋቸውም ይሁን።

ፋርማሲስቷ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12:40

ትክክል ነው የቀየረው። ካረጠች በኋላ ሴት ኦቫሪዋ ኤስትሮጅን መሥራቱን ይተዋል። ሰውነት ግን ስብ ውስጥ አሮማቴዝ በሚባል ኤንዛይም ትንሽ ትንሽ ይሠራል። ሌትሮዞል ኤንዛይሙን ይዘጋዋል። ሪሴፕተሩ ባለበት ይቀመጣል፣ የሚጣበቅበት ግን ይጠፋል። ላረጡ ሴቶች ከታሞክሲፈን ትንሽ ይሻላል፣ ማህፀንንም አያስቸግርም። የሱ ጣጣ አጥንት ማሳሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ጠይቁ፤ አክስትሽ በእግራቸው ይንቀሳቀሱ።

ቸርችል_ጎዳና · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:02

እግዜር ይስጥልኝ። ውጭ የተላከው ናሙና ተመልሷል፣ መጥታችሁ ውሰዱ ብለውናል። ልውሰደው ወይስ ይጣል?

ከማይክሮስኮፑ_ሥር · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:09

ኧረ እንዳይጣል! ብሎክ የሚባለው እሱ ነው፤ ሰም ውስጥ የተቀበረችው ናሙና። ስላይዱን ብቻ ሰጥተው እንዳይሸኙሽ፣ ብሎኩን ጠይቂ። ከተቻለ መጀመሪያ የሠራው ላቦራቶሪ ማህደር ውስጥ ይቀመጥ፣ ቁጥሩን ጽፈሽ ያዢ። ቤት ከወሰድሽው ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው፣ ሰሙ ይቀልጣል። አያድርገውና በሽታው ቢመለስ አዲስ ናሙና ይወሰዳል፤ ሪሴፕተሩ አንዳንዴ ስለሚቀየር ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት በኋላ ማህደሩን የሚከፍት ሰው ላይኖር ይችላል።